ወሬው ከማን መጣ? የክትባትና የኦቲዝም ክርክር ታሪክ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ልጅ ከአላህ (ሱ.ወ) የተሰጠን አማና ነው። በመሆኑም አንዲት እናት ልጇን ልታስከትብ ስትወጣ «ተጠንቀቂ፣ መርፌው ልጆችን ለኦቲዝም ይዳርጋል» የሚል ሰው ቢያጋጥማት መደንገጧ አይፈረድባትም። ይህ ወሬ ከአገር አገር ተሻግሮ በሙስሊም ቤተሰቦች ላይም ጉዳት አድርሷልና፣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አብረን እንመርምረው።

የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን አንድ ዘገባ ሲቀርብላቸው ሁለት ነገሮችን ይመዝኑ እንደነበር ይታወቃል። አንደኛው ኢስናዱ ነው፤ ይኸውም ያስተላለፈው ማን ነው? ታማኝ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው መትኑ ነው፤ ይኸውም የተነገረው ነገር ራሱ ሌሎች ታማኞች ካስተላለፉት ጋር ይስማማልን? የሚል ነው። ይህ መመዘኛ የተዘጋጀው ለሐዲስ ቢሆንም፣ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናልና፣ የዱንያ ወሬም ቢሆን ከምርመራ አያመልጥም።

የወሬው መነሻ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር «ዘ ላንሴት» በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ የሚያወሳው ስለ 12 ልጆች ብቻ ሲሆን፣ የ8ቱ ችግር መታየት የጀመረው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከወሰዱ በኋላ ነው መባሉን ይገልጻል። ጽሑፉ ራሱ ግንኙነቱ አለመረጋገጡን ይናገራል። ዌክፊልድ ግን ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ጥምር ክትባቱ እንዲቆምና ክትባቶቹ ለየብቻ እንዲሰጡ አሳሰበ። ወሬውም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ናኘ። በእንግሊዝ 2 ዓመት ከሞላቸው ልጆች መካከል ጥምር ክትባቱን የወሰዱት 92 ከመቶ ያህል የነበሩት ወደ 80 ከመቶ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ኩፍኝ ተመልሶ በቋሚነት እየተዛመተ መሆኑን አስታወቁ።

ኢስናዱ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በ2004 ብሪያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ የተሸሸገ ነገር አወጣ። ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ይዘጋጁ ከነበሩ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል ኖሯል፤ ከልጆቹም አንዳንዶቹ የእነዚሁ ጠበቆች ደንበኞች ነበሩ። የተከፈለው ድምር በኋላ ሲታወቅ ከ400,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት ከ13ቱ የጽሑፉ ባለቤቶች 10ሩ ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዘውን ትርጓሜ እንደማይቀበሉ በይፋ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የብሪታንያ የሐኪሞች ጉዳይ ምክር ቤት ረጅም ችሎት ካካሄደ በኋላ ዌክፊልድ እምነት ማጉደሉን አረጋገጠ። በልጁ የልደት በዓል ላይ ለተገኙ ሕፃናት 5 ፓውንድ እየሰጠ ደማቸውን መቅዳቱም በዚሁ ችሎት ተገለጸ። መጽሔቱ ጽሑፉን በየካቲት 2010 ሰረዘው፤ ዌክፊልድም በግንቦት ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እንዳሳየው፣ ቀድሞ ጤነኛ ነበሩ ከተባሉት 12 ልጆች የ5ቱ የዕድገት ችግር ከክትባቱ በፊት በሐኪም መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። ዌክፊልድ አላታለልኩም ብሎ ይከራከራል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ራዊ በሊቃውንቶቻችን ሚዛን ቢቀመጥ ዘገባው ተቀባይነት አያገኝም ነበር።

መትኑ ሲመረመር

«ተናጋሪው ቢያጠፋም ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና ከሥሩ የመረመሩት። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 537,303 ልጆችን፣ በ2019 የታተመው ደግሞ 657,461 ልጆችን ተከታትሎ የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር አነጻጸረ። በተከተቡት ላይ ኦቲዝም በርክቶ አልተገኘም። ጃፓን በሌላ ምክንያት ጥምር ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አቁማ ነበር፤ በዮኮሃማ ከተማ ግን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቁጥር ከዚያ በኋላም መጨመሩን ቀጠለ። መንስኤው ክትባቱ ቢሆን ኖሮ መቀነስ በተገባው ነበር።

ታዲያ ወላጆቹ ያዩት ምንድን ነው? ጥምር ክትባቱ የሚሰጠው ልጁ 1 ዓመት ሲሞላው ገደማ ነው። ልጁ አለመናገሩ፣ ሲጠሩት አለመዞሩ፣ ዐይን ለዐይን አለመተያየቱ ለወላጅ ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ዕድሜና በቀጣዩ ዓመት ነው። ሁለቱ ተከታትለው ስለመጡ አንዱ የሌላው መንስኤ መሰለ። ወላጆቹ አልዋሹም፤ ያዩትን ተናገሩ። ጥፋቱ የልባቸውን ስብራት መጠቀሚያ ያደረገው ሰው ነው።

ሚኒያፖሊስ ላይ የደረሰው

የዚህ ወሬ ዕዳ ሙስሊሞች ዘንድ የደረሰው በአሜሪካ ሚኔሶታ ነው። በዚያ ግዛት እጅግ ብዙ ሶማሌዎች፣ ከአገራችን የሄዱም ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የሶማሌ እናቶች ኦቲዝም ያለባቸው ልጆቻቸው መብዛታቸውን አስተውለው ምክንያቱን ጠየቁ። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2013 ሲወጣ፣ በሚኒያፖሊስ ከ32 የሶማሌ ልጆች 1፣ ከ36 ነጭ ልጆች 1 ኦቲዝም እንዳለበት ተገለጸ። የሁለቱ ልዩነት ጠባብ ነበር። ችግሩ ግን በሶማሌዎቹ ልጆች ላይ ይከብድ ነበርና የእናቶቹ ጭንቀት ባዶ አልነበረም።

መልሱ እስኪመጣ ግን ሌሎች ቀድመው ደርሰው ነበር። ዌክፊልድ ራሱ ከሐኪምነት ከተሰረዘ በኋላ ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ወላጆቹን አነጋገረ። በ2004 ጥምር ክትባቱን የወሰዱት የ2 ዓመት የሶማሌ ልጆች 92 ከመቶ ነበሩ፤ በ2014 ግን 42 ከመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወቅት ኩፍኝ ገባ። 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ኩፍኝ ያልተከተበና ቀድሞ ያልያዘው ሰው ከበሽተኛ አጠገብ ከተገኘ ከ10 ሰው 9ኙን የሚይዝ በሽታ ነው፤ ሳንባን ያቆስላል፣ ዐይን ያጠፋል፣ አንጎልንም ይጎዳል። በመጨረሻ ኢማሞችና የሶማሌ የጤና ሠራተኞች በመስጊድና በየቤቱ እየዞሩ ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

ለእኛ የሚቀረን

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሁሉ ክርክር የተረሳው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። ኦቲዝም የእናት ጥፋት አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘና ልጁ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች ከሰው ዐይን ተሸሽገው በቤት ይቀመጡ ነበር። በየመንደራችን እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከጎረቤትና ከጀመዓው የሚጠበቀው ከእናቱ ጋር ሸክሙን መካፈል ነው።

ስለ ክትባት የምትጠይቅ እናትንም አንሳቅባት፣ አንቆጣትም። ወሬውን ማን እንዳመጣው አብረናት እንጠይቅ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ሸኝተን የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳት እናድርግ። ያልተጣራ ወሬ ሰምቶ ለሌላ ከማስተላለፍ ምላሳችንን እንጠብቅ፤ የሚታመመው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላልና።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ሽፋእ፣ ለወላጆቻቸው ሶብር ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።