«ፋቡላ»ና የሹም ደጅ

በአማርኛ ተጽፎ መድረክ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ቲያትር ኮሜዲ ነው፤ ሰው ያሳቀውም በመንግሥት ሹማምንትና በአሠራራቸው ነው። የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ፤ መጽሐፉም ከያለበት እንዲሰበሰብ ተደረገ። ዛሬ በቢሮ ኑሮ ላይ የሚቀልድ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ሲወጣ ከፈረንጅ የተቀዳ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የእኛ ቲያትር ግን የተወለደው እዚያው፣ ባለጉዳይና ሹም በሚፋጠጡበት ደጅ ላይ ነው።

የዘመኑ ነገር አከራካሪ ነው። ብዙዎቹ የቲያትር ታሪክ ጸሐፊዎች 1913 ዓ.ም. ይላሉ፤ ወደ ልጅ ኢያሱ ዘመን የሚወስዱትም አሉ። እኔ ወደ 1913 የማደላው በእገዳው ምክንያት ነው። እገዳው የሚነገረው በዘውዲቱ ስም ነው፤ ዘውዲቱ ዙፋን ላይ የወጡት ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ቲያትሩ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ቁጣው ያን ያህል ዓመት የሚዘገይበት ምክንያት አይታየኝም።

ያ ሳቅ ማንን እንደነካ ለማወቅ የዘመኑን መሥሪያ ቤት ማየት ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ፣ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። ስሙ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን የቆየው ነበር። የሹሙ ግቢ መኖሪያውም መሥሪያ ቤቱም ነው። ባለጉዳይ ማልዶ ይመጣል፤ አጥሩ ሥር ይቆማል፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ እጅ ነስቶ ከኋላ ይከተላል፤ ማታ ሲመለሱም እዚያው በር ላይ ይገኛል። ከገጠር የመጣው ሰው ስንቁ ያልቅበትና ዘመድ ቤት ይጠጋል። ጉዳዩን ወደ ውስጥ የሚያስገባለት አጋፋሪው ወይም ጸሐፊው ነው፤ መደበኛ ደመወዝ ገና ባልተለመደበት አገር ደግሞ እጅ መንሻ ከሥራው ጋር ተጣብቆ ኖረ። ደጅ ጥናት የሚባለው ይህ ነው። ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ዓመት።

ምሬቱን በጽሑፍ ያወጡ ሰዎች ከ«ፋቡላ» በፊት ነበሩ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የአስተዳደሩን ሕመም በጠንካራ ብዕር ዘርዝረዋል። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ መሀል ሰፋሪ የሚባለው ጦር ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቀ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በስተቀርም ተሻሩ። እንግዲህ 1913ን ከተቀበልን፣ ቲያትሩ ሲታይ ከዚያ ሽረት ገና ሦስት ዓመት ቢያልፍ ነው። ቁስሉ ትኩስ ነበር።

ተክለሐዋርያት ይህን ሁሉ ያዩት ከውጭ በመጣ ሰው ዓይንም፣ በአገሬው ዓይንም ነው። ልጅ ሳሉ በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ከአድዋ ዘመቻ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩ፤ እዚያ የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። የተማሩባት ሴንት ፒተርስበርግ በቢሮ ሹማምንት መሳቅን የለመደች ከተማ ናት። የጎጎል «ኢንስፔክተር ጄኔራል» እ.ኤ.አ. በ1836 እዚያው ሲታይ ዛር ኒኮላይ ቀዳማዊ ራሳቸው ተገኝተው ነበር፤ ቲያትሩም መታየቱን ቀጠለ። ኒኮላይ ጨካኝ ሳንሱር የዘረጉ ንጉሥ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ የጎጎልን ሳቅ ቻሉት። በእኛ በኩል የሆነውን ሳስብ ይህ ልዩነት ያንገበግበኛል።

ተክለሐዋርያት ቲያትሩን ለምን እንደጻፉ በመቅድማቸው ነግረውናል። ቲያትር አለ ተብለው ተጋብዘው ይሄዳሉ፤ መድረኩ ላይ የሚያዩት ግን ዘፈን፣ ጭፈራና ቧልት ነው። መኳንንቱ ቲያትር ማለት ይህ እንደሆነ አምነው ሲደሰቱ አዩ። አውሮፓ ውስጥ ያወቁት ቲያትር የሚያስተምር፣ የሚወቅስ ስለነበር ያንን ለማሳየት ብዕር አነሡ። መሠረት ያደረጉትም የፈረንሳዩን የላ ፎንቴን ተረቶች ነው። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው፤ ንግግራቸው ግን የሰው ነው፤ የሚያጋልጡትም ጉቦን፣ ስንፍናንና የአስተዳደር ዝርክርክነትን ነው። ብልህ ምርጫ ነው እላለሁ። አገሩ ነገርን በእንስሳ ተረት ማሳለፍ ያውቅበታል፤ ሹሙም በስሙ ስላልተጠራ ተሰደብሁ ብሎ ለመክሰስ ያፍራል። ሰም ለበስ ንግግር ግን ወርቁን የሚያውቅ ታዳሚ ፊት ከቀረበ አይሰወርም። ቤተ መንግሥቱ ወርቁን አገኘው።

ከእገዳው በኋላ መድረኩ ለዓመታት ዝም አለ። ቲያትር የተመለሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. ግድም፣ በትምህርት ቤቶች በኩል፣ በእነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው እጅ ነው። የእነሱ ሥራ ሃይማኖትን፣ ግብረ ገብንና የአገር ፍቅርን የሚሰብክ ነበር። ኮሜዲ ጠንክሮ ሲመለስም፣ በመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ዋና ጉዳዩ ጋብቻና የመደብ ልዩነት ሆነ። ሁለቱም ድንቅ ሥራዎች ናቸው። የሹም ደጅ ግን ከአማርኛ ቲያትር ሳቅ ዋና ርእስነት ለረጅም ጊዜ እንደራቀ ቆየ፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት የ«ፋቡላ» ዕጣ ይመስለኛል።

ደራሲውን ግን መንግሥት አልጣላቸውም። ጨርጨርን ገዙ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። አስተዳደሩን የወቀሱት ሰው የአስተዳደርን ሸክም ራሳቸው ተሸክመው ስላዩት፣ «ፋቡላ» የጥላቻ ሥራ ነው የሚባልበት መንገድ የለም። አገር እንዲሻሻል ከሚመኝ ሰው የወጣ ወቀሳ ነው።

በእኛ ዘመን ያንን መንገድ ካነሡት አንዱ በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው፣ በኃይሉ ዋሴ የጻፈው «ምን ልታዘዝ» ነው። አንድ ካፌ፣ አለቃና አስተናጋጆች፤ የሚታየው ግን የአገር አስተዳደር ነው። ተረቱ ከአውሬ ወደ ካፌ ተሻገረ እንጂ ዘዴው የተክለሐዋርያት ነው። እሱም በ2011 ዓ.ም. ተቋረጠ።

ስለዚህ ልመናዬን ለቅርብ ሰዎች አቀርባለሁ። እኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ቲያትር የሚሠሩ ወጣቶች አይጠፉም፤ ለልምምድ ጽሑፍ ሲያጡም አይቻለሁ። «ፋቡላ» ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥቂት ጭምብልና አንድ አዳራሽ ይበቃዋል። አሳታሚዎችም ቋንቋውን ከሚያብራራ ማስታወሻ ጋር እንደገና ያትሙት። ከመቶ ዓመት በፊት ከተመልካች የተነጠቀ ሥራ ነውና፣ እባካችሁ አሳዩት።