የኢራን ባሃኢዎችና የትምህርት በር

ስለ ሃይማኖት ስደት ሲነገር አስቀድሞ የሚታሰበን ሰይፍና ደም ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው በኢራን የሚኖሩት ባሃኢዎች በትምህርት በኩል የደረሰባቸውን በደል ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የእምነቱ ምንጭ የባብ እንቅስቃሴ ነው። ባብ የተባለው የሺራዝ ነጋዴ በ1844 ዓ.ም. ተልእኮውን ገልጦ በ1850 ዓ.ም. በታብሪዝ በጥይት ተገደለ። የባሃኢ እምነት መሥራች ባሃኡላህም በቴህራን ታስሮ ከአገሩ ተጋዘ፤ በ1892 ዓ.ም. በአካ አረፈ። የሺዓ ሊቃውንት ከነቢዩ መሐመድ በኋላ ሌላ መልእክተኛ ተነሣ መባሉን እንደ ክሕደት ስለ ቈጠሩት፥ ተከታዮቹ በየጊዜው ተገደሉ፤ ተዘረፉም።

ይሁን እንጂ ባሃኢዎች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቴህራን ታርቢያት የተባለውን የወንዶች ትምህርት ቤት፥ ኋላም የሴቶቹን አቋቋሙ። እምነቱን ያልተቀበሉ ወላጆች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይልኩ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ግን ትምህርት ቤቶቹ ባብ የተገደለበትን ቀን ለማክበር ሥራ ስላቆሙ፥ የሬዛ ሻህ መንግሥት ዘጋቸው። ተማሪዎቹም ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተበተኑ።

ከ1979 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነገሩ ከዚህ የከፋ ሆነ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ከእስልምና ሌላ ያወቀው የዞሮአስተርን፥ የአይሁድንና የክርስቲያንን ሃይማኖት ብቻ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ባሃኢዎች ተገደሉ። በ1983 ዓ.ም. በሺራዝ ከተሰቀሉት ዐሥር ሴቶች አንዷ የ17 ዓመት ልጃገረድ ስትሆን፥ ሕፃናትን ሃይማኖት ማስተማሯ እንደ ወንጀል ተቈጥሮባታል። ተማሪዎችና መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ፤ በ1991 ዓ.ም. የተጻፈ የመንግሥት ሰነድም ባሃኢነቱ የታወቀ ተማሪ ሁሉ እንዲባረር አዘዘ።

እነርሱም በ1987 ዓ.ም. የራሳቸውን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም መሠረቱ። የተባረሩት መምህራን በየሰው ቤት የተባረሩትን ተማሪዎች ያስተምሩ ጀመር። በ1998ና በ2011 ዓ.ም. ፖሊሶች ቤቶቹን በርብረው መምህራኑን አሰሩ፤ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም።

ከዚህ እንደምንረዳው ሁለቱ በደሎች አንድ አይደሉም። የ1934ቱ ትእዛዝ የማኅበሩን ትምህርት ቤት ዘጋ፤ የኋለኛው ግን የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲ ዘጋባቸው። ለብዙ ዓመታት በመግቢያው ወረቀት ላይ ሌላ ሃይማኖት ብሎ መጻፍ በሩን ሊያስከፍት ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አልጻፉም። እኛ የመግቢያ ወረቀታችንን ስንሞላ ያን መስመር ሳናስብበት ያለፍን ተማሪዎች፥ የአንዲት ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከእነርሱ ታሪክ እንማራለን።