ተንቀሳቃሽ ምስል የበዛበት ድረ ገጽ በፍለጋ ለምን አይገኝም?

ሰሊጥ፣ ማር ወይም ቡና ለገበያ የሚያቀርብ አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ድረ ገጽ ለማሠራት ገንዘብ ሲመድብ የሚጠብቀው ነገር ግልጽ ነው። በሌላ ከተማ ወይም በሌላ ሀገር የሚገኝ ገዥ የምርቱን ስም በስልኩ ጽፎ ሲፈልግ የዩኒየኑን አድራሻ እንዲያገኝ ነው። ሥራው ተጠናቆ ሲቀርብ ዓርማው እየተሽከረከረ ብቅ ይላል፤ ማሳው በነፋስ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ፊደላቱ አንድ በአንድ እየወረዱ ይሰደራሉ። ተመልካቹም ይደሰታል። የምርቱን ስም ጽፎ የሚፈልገው ገዥ ግን ዩኒየኑን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ሆቴል፣ የእርባታ ጣቢያ ወይም የዘር ብዜት ድርጅት ያለውም ሰው ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

ምክንያቱን ለመረዳት የፍለጋ ሞተር የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉግልም ሆነ ቢንግ ሰው ጥያቄውን በጻፈበት ቅጽበት በዓለም ያሉትን ድረ ገጾች ሁሉ ዞሮ አይመለከትም። ቃኚ የሆኑ ፕሮግራሞች አስቀድመው ከአገናኝ ወደ አገናኝ እየተሻገሩ ገጾችን ይጎበኛሉ፤ ያገኙትን ጽሑፍ፣ ርዕስና አድራሻ ወስደው ከአንድ ግዙፍ ማውጫ ያስገባሉ። ፈላጊው ጥያቄውን ሲጽፍ መልሱ የሚመጣው ከዚህ ማውጫ ነው። ወደ ማውጫው ያልገባ ቃል የለም ማለት ነው። የእህል ነጋዴ በጆንያው ላይ የታተመውን ሥዕል አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ጆንያውን ወግቶ ናሙና ያወጣና ፍሬውን በመዳፉ ላይ ያያል። የፍለጋ ሞተር ቃኚም እንዲሁ ነው። እርሱ የሚያወጣው ናሙና ቃል ነው፤ ቃል ካላገኘ ጆንያው ባዶ እንደሆነ ይቆጥራል።

የዚህ ችግር ትልቁ የታሪክ ምሳሌ ፍላሽ የተባለው ቴክኖሎጂ ነው። ፊውቸር ዌቭ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1996 ለተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሆን ሶፍትዌር ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ማክሮሚዲያ የተሰኘው ድርጅት ገዛውና ፍላሽ የሚል ስም ሰጠው፤ እ.ኤ.አ በ2005 ደግሞ አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቀለለ። በእነዚያ ዓመታት ታላላቅ ድርጅቶች ጭምር ድረ ገጻቸውን ከመግቢያ እስከ መውጫ በፍላሽ ያሠሩ ነበር። ጎብኚው ሲገባ ሙዚቃ ይሰማል፤ ምስሎች ይበራሉ፤ በጥግ ላይ «መግቢያውን ዝለል» የሚል ቁልፍ ይታያል። ብዙው ሰው ያን ቁልፍ ፈልጎ ይጫን እንደነበር በዘመኑ የነበረ ያስታውሳል።

ለፍለጋ ሞተር ግን ይህ ሁሉ አንድ የተዘጋ ሣጥን ነበር። የድርጅቱ ታሪክ፣ የምርት ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ ተቋጥሯል። ጎብኚው በሣጥኑ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ቢዘዋወርም አድራሻው አይለወጥም። በዚህም የተነሣ ለዋጋ ዝርዝሩ ወይም ለአድራሻው ራሱን የቻለ ገጽ የለውም፤ ሌላ ድረ ገጽም ወደዚያ ክፍል አገናኝ ሊሰጥ አይችልም። ጉግል እ.ኤ.አ በ2008 ከአዶቤ ጋር በመተባበር በፍላሽ ፋይል ውስጥ የሚገኘውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ሆኖም በምስል መልክ የተሣለው ጽሑፍ አሁንም አይነበብም ነበር፤ የአድራሻውም ጉዳይ እንዳለ ቀረ። ፈላጊው የጠየቀውን ቢያገኝ እንኳ የሚደርሰው ከበሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ዞሮ መፈለግ አለበት።

የፍላሽን ዕድሜ ያሳጠረው ግን በዋናነት ስልክ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም። የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2010 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ የባትሪ ፍጆታን፣ የደኅንነት ጉድለትንና ለጣት ንክኪ አለመመቸትን በምክንያትነት አስቀመጠ። አዶቤ ራሱ እ.ኤ.አ በኅዳር 2011 ለስልክ የሚሆን ፍላሽ ማልማቱን ማቆሙን ገለጸ። ጉግል እ.ኤ.አ በ2019 የፍላሽ ይዘትን በማውጫው ማስገባቱን እንደሚተው አሳወቀ፤ አዶቤም እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን ጨርሶ አቋረጠ። በጥር 2021 ፍላሹን የሚያጫውተው ሶፍትዌር ይዘቱን ማሳየት አቆመ። በዚያ ቀን ድረ ገጻቸውን ሳይቀይሩ የቆዩ ሁሉ የቀራቸው ባዶ አራት ማዕዘን ነበር። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ተቋም የቆዩ የፍላሽ ሥራዎችን ማሰባሰብ ባይጀምር ኖሮ ከጨዋታዎቹና ከሥዕሎቹ ብዙው እንደጠፋ ይቀር ነበር።

ፍላሽ ሞተ፤ ልማዱ ግን አልሞተም። ዛሬ ተመሳሳይ ትዕይንት የሚሠራው በጃቫ ስክሪፕት፣ በቪዲዮና ካንቫስ በሚባለው የሥዕል ሰሌዳ ነው። በካንቫስ ላይ የተሣለ ፊደል ለዓይን ፊደል ቢመስልም ለቃኚው ቀለም ብቻ ነው። ጃቫ ስክሪፕት ይሻላል። እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ የጉግል ቃኚ ወቅታዊውን የክሮም ማሰሻ ተጠቅሞ ገጹን ከፍቶ ያያል፤ ስለዚህ በጃቫ ስክሪፕት የመጣን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ይሁንና ቃኚው ቁልፍ አይጫንም፤ ገጹንም እንደ ሰው በጣቱ ወደ ታች አይስብም። «ተጨማሪ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ብቻ ከማከማቻው የሚመጣ ጽሑፍ ካለ ለእርሱ አይመጣም። በአንጻሩ ጽሑፉ ከመጀመሪያው በገጹ ውስጥ ካለና እንቅስቃሴው ገልጦ የሚያሳየው ብቻ ከሆነ ይነበባል። የዚህ ልዩነት አስፈላጊነት ቀላል አይደለም፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ገጾች አንዱ በማውጫ ሲገባ ሌላው በር ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ፍጥነት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ ከ2021 አንሥቶ የገጽን አገልግሎት የሚመዝንባቸውን መለኪያዎች ለደረጃ አሰጣጡ ይጠቀማል። የመጀመሪያው በገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ጎብኚው ቁልፍ ሲነካ ገጹ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ይጠብቃል። ሦስተኛው ገጹ ተከፍቶ ሳለ ይዘቱ ምን ያህል እንደሚዘል ይለካል፤ ከ0.1 ባይበልጥ መልካም ነው ይባላል። የመጨረሻውን ያልደረሰበት ሰው የለም። የስልክ ቁጥር ለመንካት ጣትዎን ሲያወርዱ ከላይ አንድ ምስል ይገባና ገጹን ይገፋዋል፤ የነኩትም ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

ተንቀሳቃሽ ምስል ሦስቱንም ሊያበላሽ ይችላል። ከገጹ በፊት የሚሽከረከር ዓርማ ካለ ዋናው ክፍል እስከዚያ ድረስ አልታየም። ርዕሱ ከድብዝዝ ወደ ደማቅ እየተለወጠ እንዲመጣ ከተደረገ የታየበት ሰዓት ይዘገያል። ብዙ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ስልክ ደግሞ ለጣት ንክኪ ፈጥኖ አይመልስም። ልብ ሊባል የሚገባው ልኬቱ የሚወሰደው ከድረ ገጽ ሠሪው ኃይለኛ ኮምፒውተር አለመሆኑ ነው። የክሮም ማሰሻን ከሚጠቀሙ ሰዎች ስልክና ኮምፒውተር ይሰበሰባል፤ ከጉብኝቶቹ 75 በመቶው መስፈርቱን ካሟላ ገጹ አለፈ ይባላል።

እዚህ ላይ የገጠሩ አንባቢ ጉዳይ ይመጣል። 4 ሜጋባይት የሚመዝን የመግቢያ ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 32 ሰከንድ ይወስዳል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና። ኔትወርኩ ደከም ሲል ከዚህም ይረዝማል። የስንዴ ዋግ ማሳው ላይ ያየ ገበሬ መድኃኒቱን ለመፈለግ ስልኩን ሲከፍት ለዚያ ቪዲዮ የሚያወጣው ከገዛው የዳታ ጥቅል ላይ ነው። ጂአይኤፍ የሚባለው የቆየ የተንቀሳቃሽ ምስል ዓይነት ደግሞ ያንኑ ትዕይንት ከያዘ ቪዲዮ በብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ጉግልም ቢሆን ማውጫውን የሚያዘጋጀው የገጹን የስልክ መልክ ተመልክቶ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2016 ያስታወቀውን ይህን አሠራር በ2023 አጠናቅቋል። በኮምፒውተር ላይ ሙሉ የሆነ፣ በስልክ ላይ ግን ለእንቅስቃሴው ቦታ ሲባል ጽሑፉ የተቀነሰ ገጽ የሚመዘነው በተቀነሰው ነው።

የአማርኛ ድረ ገጾች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ይሠራባቸው የነበሩ የአማርኛ ፊደላት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የተተከሉ ነበሩ፤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ክምር ይሆናል። ጽሑፍን ወደ ምስል ለውጦ ማቅረብ በዚያን ጊዜ ብልሃት ነበር፤ አንባቢው ፊደሉ ይኑረውም አይኑረው ያነበዋል። ዛሬ ግን ስልኮች ሁሉ ለማለት ይቻላል ግዕዝን ያሳያሉ። ሆኖም የጨረታ ማስታወቂያ፣ የክፍት የሥራ ቦታና የማዳበሪያ ሥርጭት መርሐ ግብር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶግራፍ ሆነው ሲለጠፉ፣ አልፎ ተርፎም በማያቋርጥ ተንሸራታች ምስል ላይ ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከተሽከረከረው ዓርማ ይልቅ ሕዝብን የሚጎዳው ይህ ነው። ማኅተሙ ይታይ ዘንድ ፎቶግራፉ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ግን ቃሉ በጽሑፍ ቢሰፍር ጉዳት የለውም፤ የሚወስደው ጊዜም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ይህ ሲባል እንቅስቃሴ በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ጉግል አንድን ገጽ ምስሉ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አይቀጣውም፤ ለጥያቄው የሚስማማ ይዘት ያለው ገጽ ዝግ ቢል እንኳ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። የወተት ላም እንዴት እንደሚታለብ፣ ችግኝ እንዴት እንደሚዳቀል የሚያሳይ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ከአንድ ገጽ ጽሑፍ በላይ ያስተምራል። መያዝ ያለበት ጥንቃቄ ግን አለ። ቪዲዮው ጎብኚው ሲፈልግ እንጂ በራሱ አይጀምር፤ ቦታው አስቀድሞ ተለክቶ ይተውለት፤ የሚያሳየው ነገርም በጎኑ በቃላት ይጻፍ። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ምስል ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እንዲቀር ያዛል።

ድረ ገጽ ያለው ወይም ሊያሠራ ያሰበ ሰው ባለሙያ ሳይጠራ የሚያደርገው ፍተሻ አለ። ገጹን በስልክ ከፍቶ አንድ ቃል ላይ ጣትን ጫን አድርጎ ማቆየት ነው። ቃሉ ተመርጦ መቅዳት ከተቻለ ጽሑፍ ነው፤ ምንም ካልተመረጠ ምስል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቀጥሎ ከገጹ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ በጉግል መፈለግ ይቻላል፤ ገጹ ከታተመ ሳምንታት አልፈው ዓረፍተ ነገሩ ካልተገኘ ወደ ማውጫው አለመግባቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ፍጥነቱን ፔጅ ስፒድ ኢንሳይትስ የተሰኘው የጉግል አገልግሎት፣ ወደ ማውጫ መግባት አለመግባቱን ደግሞ ሰርች ኮንሶል ያለ ክፍያ ያሳያሉ።

ከድረ ገጽ ሠሪው ጋር ውል ከመፈረሙ በፊትም ጥቂት ነገሮች በጽሑፍ ቢሰፍሩ መልካም ነው። እያንዳንዱ ምርት የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ ይኑረው፤ የዩኒየኑ ስም፣ ወረዳው፣ የምርቱ ዓይነትና ስልክ ቁጥሩ በምስል ሳይሆን በጽሑፍ ይግቡ፤ ሥራውን ለመረከብም ሙከራው የሚደረገው በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በአነስተኛ ዋጋ በተገዛ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይሁን። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ያ ስልክ ገጹን ከፍቶ ቁጥሩን ካሳየ በኋላ ነው።