ኮምፒውተርን በቤት የመገጣጠም ታሪክ

ኮምፒውተርን በቤት መገጣጠም በስፋት የተለመደው በአሜሪካ በአልቴር 8800 ነው። «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» መጽሔት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 በሽፋኑ ያወጣውን ይህን መሣሪያ የአልበከርኪው ሚትስ ኩባንያ ሳይገጣጠም በፖስታ ይልከው ነበር። ገዢው እያንዳንዱን ቁራጭ በሰሌዳው ላይ ራሱ ይበይዳል። ሲጨርስ የሚያገኘው ኪቦርድም ስክሪንም የሌለው ሣጥን ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ከፊት ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከፍ ዝቅ በማድረግ፣ መልሱም የሚነበበው በትናንሽ ቀይ መብራቶች ነበር።

በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ካርድ የሚሰካባቸው ክፍት ቦታዎች ነበሩት፤ አሠራሩም ይፋ ስለነበር ሌሎች አምራቾች ተስማሚ ክፍሎችን አቀረቡ። በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ ደረጃ የማዘርቦርዱን መጠንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ኩባንያዎች ማዘርቦርድ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ መበየጃው ቀርቶ ካቻቢቴ ይበቃል።