ጥገኝነት በአሜሪካ፦ ‹‹ኬዝ›› ከመግባቱ በፊት ጠበቃን ምን እንጠይቅ?

በአሜሪካ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አይ-589 የተባለውን ማመልከቻ ወደ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማስገባት አለበት። ቀኑ ካለፈ በልዩ ምክንያት ሊታይለት ይችላል፤ ምክንያቱን የማስረዳቱ ሸክም ግን የራሱ ነው።

ቤትና ሥራ ሲፈለግ ዓመቱ ሳይታወቅ ያልቃል። በዚህ መሐል ‹‹ኬዝ እጽፋለሁ›› የሚል ሰው ይመጣል፤ ለሌላው የተሳካለትን ታሪክ ስም ቀይሮ የሚሸጥም አለ። ፊርማው ግን የአመልካቹ ነው። ማመልከቻው አውቆ በሐሰት የቀረበ መሆኑ ከተወሰነ፣ አመልካቹ ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ጻፊው ያን ቀን አይገኝም።

የሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ እውቅና ተሰጥቶት ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ተወካይ ናቸው። የአሜሪካ ኖታሪ እንደ አገራችን ውልና ማስረጃ እንዳይመስላችሁ፤ ፊርማ ያረጋግጣል እንጂ የኢሚግሬሽን ምክር የመስጠት ሥልጣን የለውም። ሕጉ የፌዴራል በመሆኑ በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ የሚኒሶታ ነዋሪን ጉዳይ ሊይዝ ይችላል። ፈቃዱን በሰጠው ግዛት መዝገብ ላይ አረጋግጡ፤ ክፍያው ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተዋዋሉ። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ በነፃ የሚያገለግሉ ድርጅቶችን ዝርዝር ያወጣል።

ከጠበቃው ጋር ረጅም ጊዜ ሊወሰድበት የሚገባው ስምና ቀን ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በልደት ካርድ ሌላ ዓይነት ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ልዩነቱን ቀድሞ ማስረዳት ያሻል። ኅዳር 2012 የታሰረ ሰው ‹‹2012›› ተብሎ ወደ እንግሊዝኛ እንዳለ ከተዛወረ፣ በ2019 የሆነው ነገር 7 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ሰውየው ሳይዋሽ ዋሾ መሰለ ማለት ነው።

ኒካህም እንዲሁ። ማመልከቻው ባለቤትንና ልጆችን በሙሉ ይጠይቃል። ኒካህ አስሮ ‹‹ያላገባ›› ብሎ የሞላ ሰው፣ ጥገኝነት አግኝቶ ቤተሰቡን ለማምጣት ሲያመለክት ጥያቄ ይነሳበታል፤ ለዚያ ማመልከቻ ያለው ጊዜ ደግሞ በመርሕ ደረጃ 2 ዓመት ነው። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር የተጠበቀ ስለሆነ፣ የሚያሳፍርም ቢሆን እውነቱን ንገሩት። ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይነበብላችሁ።

አድራሻ ሲቀየር ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ10 ቀናት፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 ቀናት ውስጥ ይነገራል። ለአንዱ መናገር ለሌላው መናገር አይደለም። የቀጠሮ ደብዳቤ በቀድሞ አድራሻ ሄዶ ባለጉዳዩ ከቀረ፣ ዳኛው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊያዙ ይችላሉ።