የሳተርን ቀለበቶች

የሳተርን ቀለበቶች ከፀሐይ ስድስተኛ የሆነችውን ፕላኔት በወገቧ ዙሪያ የከበቡ፣ ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ቅንጣቶች የተሠሩ ስስ ዝርግ አካላት ናቸው። ከ95 በመቶ በላዩ የውኃ በረዶ ሲሆን ቀሪው የዐለት ብናኝና ሌላ ቁስ ነው። ቅንጣቶቹ ከደቃቅ አቧራ አንሥቶ ቤት እስከሚያክሉት ይደርሳሉ። ዋና ዋናዎቹ ቀለበቶች ከዳር እስከ ዳር ወደ 270,000 ኪሎ ሜትር ይሰፋሉ፤ ውፍረታቸው ግን በአብዛኛው ቦታ 10 ሜትር አካባቢ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ከሥርዓተ ፀሐይ ጋር እኩል ዕድሜ አላቸው የሚለው የቆየ ግምት ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ከ2004 እስከ 2017 ካደረገችው ምርመራ በኋላ አከራካሪ ሆኗል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አከፋፈል

ቀለበቶቹ በላቲን ፊደላት ይጠራሉ። ፊደሉ የተሰጠው በተገኙበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ከፕላኔቷ ወደ ውጭ ሲቆጠሩ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኢ ይሆናሉ። የኢ ቀለበት ቁስ የሚመጣው ኢንሴላደስ ከተባለችው ጨረቃ ደቡብ ዋልታ ከሚፈልቀው የውኃ ተንና በረዶ ነው።

የግኝት ታሪክ

ጋሊሊዮ ጋሊሊ በ1610 በቴሌስኮፕ ሲመለከት ሳተርን ተጠጋግተው የቆሙ ሦስት አካላት መስላ ታየችው። በ1612 ግን በጎንና በጎን ያሉት ሁለቱ ተሰወሩበት። ቀለበቶቹ በየ15 ዓመቱ ገደማ ጠርዛቸው ወደ ምድር ይዞራል፤ ከስስነታቸው የተነሣም በዚያን ጊዜ ለማየት ያዳግታሉ። በማርች 2025ም ይኸው ሆኗል።

ክርስቲያን ሁይገንስ በ1659 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የታየው ነገር ፕላኔቷን ሳይነካ የሚከባት ዝርግ ቀለበት መሆኑን ገለጸ። በ1675 ጆቫኒ ካሲኒ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን ክፍተት አገኘ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1859 ቀለበቱ አንድ ወጥ ጠጣር አካል ቢሆን ኖሮ ሊጸና እንደማይችል፣ ስለዚህም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምሕዋር ከሚዞሩ ቅንጣቶች የተሠራ መሆን እንዳለበት በሒሳብ አሳየ። ጄምስ ኪለር በ1895 ብርሃናቸውን በመተንተን የውስጠኛው ክፍል ከውጨኛው ፈጥኖ እንደሚዞር በመለካት ይህን አረጋገጠ።

የዕድሜ ክርክር

ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያጠነጥናል፦ ቀለበቶቹ ምን ያህል ይመዝናሉ? ምን ያህልስ ቆሽሸዋል? ከጠፈር የሚመጣ ጥቃቅን አቧራ ያለማቋረጥ ይወርድባቸዋል። ሲፈጠሩ ንጹሕ በረዶ ከነበሩ፣ ያለባቸው እድፍ፣ አቧራው የሚወርድበት ፍጥነትና የራሳቸው ክብደት ከታወቀ ዕድሜያቸው ሊሰላ ይችላል። ቀላል ከሆኑ ቶሎ ይጠቁራሉ፤ ከባድ ከሆኑ እድፉ በብዙ በረዶ ውስጥ ስለሚበተን ለመጥቆር ረጅም ዘመን ይፈጅባቸዋል።

ክብደቱ የተገኘው መንኮራኩሯ ካሲኒ ከመጥፋቷ በፊት በ2017 በፕላኔቷና በቀለበቶቹ መካከል እየሾለከች ባለፈችባቸው ዙሮች ነው። የቀለበቶቹ ስበት በፍጥነቷ ላይ ያመጣው ጥቂት ለውጥ ወደ ምድር በምትልከው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ይነበብ ነበር። ሉቺያኖ ኢየስና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ ጠቅላላ ክብደቱ ማይመስ የተባለችው ትንሽ ጨረቃ ክብደት 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በመነሣት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ይህ ትክክል ከሆነ በምድር ላይ ዳይኖሰሮች ከታዩ በኋላ የተፈጠሩ ናቸው ማለት ነው።

በ2023 ደግሞ ሳሻ ኬምፍና ባልደረቦቹ በመንኮራኩሯ የአቧራ መመርመሪያ የተሰበሰበውን መረጃ ተነተኑ። በ13 ዓመት ውስጥ ከሳተርን አካባቢ ውጭ መምጣታቸውን የለዩት ቅንጣቶች 163 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ተነሥተው የአቧራውን ፍሰት አስልተው፣ የቀለበቶቹ ዕድሜ ከ400 ሚሊዮን ዓመት እንደማይበልጥ ደመደሙ።

ይህን የማይቀበሉ ተመራማሪዎች ንጽሕና የወጣትነት ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። አንደኛ፣ ካሲኒ ከቀለበቶቹ ወደ ፕላኔቷ ሲወርድ ባገኘችው ቁስ ውስጥ የበረዶው ድርሻ አነስተኛ ስለነበር፣ እድፉ ከበረዶው ተለይቶ የሚወገድበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ በኮምፒዩተር ስሌት መሠረት እጅግ ከባድ ሆነው የተነሡ ቀለበቶችም በ4.5 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ እየተበተኑ አሁን ወደሚታየው ክብደት ሊወርዱ ይችላሉ። በ2024 ሪዩኪ ህዮዶና ባልደረቦቹ ሦስተኛ መከራከሪያ አቀረቡ፤ አቧራው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ በረዶውን ሲመታ በግጭቱ ሙቀት ይተናል፤ አብዛኛው በቀለበቱ ላይ ሳያርፍ ወይ ወደ ሳተርን ይወድቃል ወይ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

አፈጣጠር

ስለ አፈጣጠራቸው የሚነገሩት መላ ምቶች ከዕድሜው ክርክር ጋር የተያያዙ ናቸው። ሮቢን ካኑፕ በ2010 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ታይታን የተባለችውን የሳተርን ጨረቃ የምታክል የጥንት ጨረቃ ወደ ሳተርን ስትጠጋ የበረዶ ልባሷ ተገፍፎ ቀለበት ሆነ፤ ዐለታማው እምብርቷም በፕላኔቷ ተዋጠ። ጃክ ዊዝደምና ባልደረቦቹ በ2022 ክሪሳሊስ ብለው የሰየሟት ጨረቃ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተሰባብራ ቀለበቶቹን እንዳስገኘች ሐሳብ አቅርበዋል። ይኸው መላ ምት የሳተርን ዛቢያ ለምን 26.7 ዲግሪ ያህል እንዳዘነበለም ለማስረዳት ይሞክራል።

የወደፊት ዕጣ

የቀለበቶቹ በረዶ የኤሌክትሪክ ሙል እየያዘ በመግነጢሳዊ መስክ ተስቦ ወደ ፕላኔቷ ከባቢ አየር ይዘንባል። በ2018 በወጣ ጥናት፣ በዚህ ዝናብ ብቻ ቀለበቶቹ በ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሊያልቁ ይችላሉ። ካሲኒ በወገብ መስመሩ በኩል ሲወርድ የለካችው ቁስ ከተጨመረበት ግን የቀራቸው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በታች ሊሆን ይችላል።

ቀለበት ያላቸው ሌሎች አካላት

የዩራነስ ቀለበቶች በ1977፣ የጁፒተር በ1979 ተገኝተዋል። የኔፕቲዩን ቀለበቶች በ1989 በቮያጀር 2 መንኮራኩር ተረጋግጠዋል። ካሪክሎ፣ ሃውሜያና ኳዋር የተባሉ ትናንሽ አካላትም ቀለበት አላቸው።