ተቀበል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬን በመሰለ ብርዳም ደጋ፣ ጓደኛሞች ጠላ ይዘው ሲያመሹ አዝማሪ ከመጣ፣ ከመካከላቸው አንዱ «ተቀበል!» ማለቱ አይቀርም፤ ለሴት አዝማሪ «ተቀበይ!»። የሚቀበሉት ግጥም ነው። «ተቀበል» ያለው እንግዳ ስንኙን በቃሉ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ወዲያው ያዜመዋል። ስንኙ ሰምና ወርቅ ከሆነ፣ ወርቁን ያልያዘ አዝማሪ ማጉላት ያለበትን ቃል ይስታል። ስለዚህ መቀበል ከመድገም እጅግ ይበልጣል ባይ ነኝ። በሠርግ ዘፈን ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አውራጁ አንድ ሰው፣ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው። «ተቀበል» ከካራኦኬም ይለያል። ካራኦኬ በጃፓንኛ «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው፤ እዚያ ቃሉም ዜማውም ተዘጋጅቶ ከእንግዳው ድምፅ ይጠበቃል። በ«ተቀበል» ግን ድምፁ የአዝማሪው፣ ቃሉ የእንግዳው ነው። ድምፁ የማያምርም ሰው፣ ስንኝ ካለው፣ የምሽቱ ባለቤት ይሆናል።